የሚወፍረው ሻፍት

እኔ የብረት ሰው ነኝ፣ በማይክሮሜትር ያልተለካ ነገር አላምንም፣ ሰው ስለ መንፈስ ማውራት ሲጀምር ሬዲዮ ከፍ አደርግ ነበር፣ ስለዚህ ይህን የማጫውትህ ላስፈራራህ አይደለም፣ እመነኝ።

ከናዝሬት ተመድቤ ቦንጋ በማሽን ሥራ መምህርነት ሳገለግል ቅዳሜና እሁድ የተበላሸ ማሽን እጠግን ነበር፣ ከደንበኞቼ አንዷ ሺሺንዳ አጠገብ የእሸት ቡና መፈልፈያ ያላቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። የማሽናቸው ሻፍት፣ ከበሮውን የሚያዞረው ዘንግ ማለቴ ነው፣ ከቡናው ጋር በሚገባው አሸዋ እየተበላ በየዓመቱ ስለሚቀጥን፣ ወንድማቸው ውጭ አገር በሴራሚክ የተሸፈነ ሻፍት አሠርቶ ላከላቸው። ሽፋኑ ወርቅ የመሰለ፣ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ በሞረድ ብፈትገው የዶለዶመው ሞረዱ ነው፣ እያደነቅሁ ገጠምኩት።

በሦስተኛው ሳምንት ማሽኑ ሸተተ ብለው ላኩብኝ። የቡና ልጣጭ ሲቦካ መሽተቱ ያለ ነው፣ ይሄ ግን የከረመ ቁስል ፋሻው ሲነሳ የሚሸተው ነበር። ማሽኑን የሚያሠሩት ጋሽ ገብሬ፣ የዚያው አገር ሰው ናቸው፣ ከትናንት ጀምሮ እንዳልተነሳ ነገሩኝ፣ ክዳኑን ስከፍት ግን ከውስጥ ሰው ምራቁን ሲውጥ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፣ ውሃ ነው ብዬ እጄን ሰደድኩ፣ ሻፍቱ ሞቋል። በጥፍሬ ነካ ባደርገው ያ ሞረድ ያልቻለው ሽፋን ውሃ እንደቋጠረ ቆዳ ተልጦ ጣቴ ላይ ተለጠፈ፣ እርጥብ ነው፣ ምን ልበልህ፣ ብብት ላይ የሚበቅል የመሰለ ቀጫጭን ፀጉር ነበረበት። ጣቴን በሱሪዬ ጠረግሁ።

ጋሽ ገብሬ ውሃ እያቀበሉኝ ቀስ ብለው፣ «እኔ ሁለት ጊዜ ልጬ ጣልኩት፣ መልሶ ያበቅላል» አሉኝ። ለእትዬ ነግረዋቸው እንደሆን ብጠይቅ፣ «ማን ያምነኛል?» አሉ።

የዕለቱ እሸት በጆንያ ተከምሯል፣ በዚያው ቀን ካልተፈለፈለ ይበላሻል፣ የለቀሙት ገበሬዎችም ቆመው ይጠብቃሉ። እትዬ አስካለ መጥተው አዩት፣ አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ዛሬን ብቻ እንዲሠራ ለመኑኝ፣ እኔም፣ እስከ ዛሬ ራሴን የምጸየፈው በዚህ ነው፣ አስነሳሁት። ፍሬው ጥርት ብሎ ወረደ፣ ያ የመዋጥ ድምፅ ግን ከሞተሩ ጩኸት ሥር ይሰማኝ ነበር፣ ያን ቡና ማን እንደጠጣው ማሰብ አልፈልግም።

ሥራው ሲያልቅ አሮጌውን ሻፍት መልሼ ይሄኛውን በጆንያ ጠቅልዬ ቦንጋ ወሰድኩትና ለካሁት። ተበልቶ ቢሆን በገባኝ፣ እሱ ግን ወፍሯል። የትምህርት ቤቱ ወርክሾፕ ካቢኔት ውስጥ ቆለፍኩበት፣ በየዓርቡ እለካዋለሁ፣ በየዓርቡ ይጨምራል፣ አንድ ዓርብ ከማይክሮሜትሩ መንጋጋ አልገባ ሲል ቆልፌበት ወጣሁ፣ ሁለተኛ አልከፈትኩትም።

ዝውውሬ ሲመጣ ቁልፉን በእኔ ቦታ ለተመደበው ወጣት መምህር አስረከብኩ፣ ፈረመልኝ፣ ምንም አልነገርኩትም። ከጥቂት ወራት በኋላ ደወለልኝ፣ ጤናዬን ጠየቀ፣ ስለ ቦንጋ ዝናብ አወራ፣ ከዚያ፣

«መምህር፣ ካቢኔቱን ከውስጥ ወርቃማ ቀለም ያስቀቡት እርስዎ ነዎት?» አለኝ። «ሌላ ምንም የለበትም፣ ባዶ ነው።»

«በእጅህ ነክተኸዋል?» አልኩት።

ትንፋሹን ሰማሁ፣ ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ልደውል ስንት ጊዜ ቁጥሩን አውጥቼ ተውኩት።