የትርሲት እንሶስላ

ትርሲት ከቤታቸው ጀርባ፣ ጥላው ጥግ ላይ፣ እንሶስላ ተከለች። ሥሩን የሰጠቻት እናቷ ነበረች።

ክረምቱ ገባ። ዝናቡ ጠብ! ጠብ! ጠብ! አለ። እንሶስላው አደገ፣ አደገ፣ ትርሲትን በቁመት በለጣት።

«መቼ ነው የሚያብበው?» ትላለች ትርሲት በየጠዋቱ።

አዲስ ዓመት ሲቃረብ አክስቷ አስካል መጣች። ዶማ ይዛለች።

«እሰይ! ሥሩ ወፍሯል» አለች አስካል። «ቀጥቅጠን እጃችንን እናቀላበታለን። ለበዓል እናምርበታለን!»

ትርሲት ሮጣ እንሶስላው ፊት ቆመች። እጆቿን ግራና ቀኝ ዘረጋች።

«አይነቀልም!»

«እንዴ! የኔ ቆንጆ፣ እንሶስላ የሚተከለው ለሥሩ ነው እኮ!»

«የኔ የተተከለው ለአበባው ነው። አይነቀልም!»

እናቷ ከቤት ወጣች። «ትርሲትዬ፣ ልጆቹ ሁሉ እጃቸውን ሲያቀሉ ያንቺ ብቻ ሊቀር ነው?»

ትርሲት እጆቿን አየቻቸው። ቢቀሉ እንዴት ያምሩ ነበር! እንባዋ መጣ።

ግን መሬቱን በእግሯ መታች። ዱብ! ዱብ!

«ይቅር! አይነቀልም!»

እናቷ ትንሽ አሰበች። «አስካል፣ ተክሉ የሷ ነው። ተይው» አለች።

«አይ ግትርነት!» አለች አስካል። ዶማዋን ተሸክማ ሄደች።

በዓሉ ደረሰ። የጎረቤት ልጆች እየዘፈኑ መጡ። መዳፋቸው ቀይ፣ ጥፍራቸው ቀይ።

«ያንቺ እጅ የታለ?» አሏት።

«ይኸው!» አለች ትርሲት። ያልቀላ እጇን ከፍ አድርጋ አጨበጨበች። ጧ! ጧ! ጧ!

ከዚያ አንድ ጠዋት...

«እማዬ! ነይ! ነይ! አበበ!»

አበባው ነጭ ነው። መሃሉ ወይን ጠጅ ነው። በነፋሱ ወዲህ ወዲያ ይላል።

አክስቷ አስካልም መጣች። አበባውን ቀረብ ብላ አየችው።

«ስንት ዓመት ስነቅለው፣ እንዲህ ማማሩን ልብ ብዬ አላየሁም» አለች ቀስ ብላ።

አበባው ሲረግፍ አረንጓዴ ፍሬዎች ተንጠለጠሉ። አስካል አንዱን ነካ አደረገችው።

ጧ! ፍሬው ፈነዳ! ዘሩ ተበተነ!

«ወይኔ!» ብላ አስካል ዘለለች። ትርሲት ሆዷን ይዛ ሳቀች። አስካልም ሳቀች።

«ልድገመው?»

«ድገሚው!»

ጧ!

«ትርሲት፣ ከዘሩ ትሰጪኛለሽ? ደጄ ላይ ልተክለው» አለች አስካል።

ትርሲት ወገቧን ያዘች። «ለምን?»

«ለአበባው።»

«እንግዲያው ውሰጂ!»

ሁለቱም ተንበርክከው፣ እስኪመሽ ድረስ ዘሩን ከጭቃው ለቀሙ።

እናቷ የትርሲትን ጭቃ የነካ እጅ በሞቀ ውሃ አጠበችላት። ገና እያደረቀችላት፣ ትርሲት እናቷ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።