ክዳን የሌለው ታንከር

ሽቦ የሚሉት ልጅ ቀኑንም ሰዓቱንም አልረሳም። ማክሰኞ ነበር፤ ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው። የክፍል አለቃው በሃምሳ ሁለት ተማሪ ፊት፣ «የቧንቧ ጠጋኝ ልጅ ማይክሮስኮፕ ምን ያደርግለታል? ብሎን ሊፈልግበት ካልሆነ!» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አናጋው። ማን ማን እንደሳቀ ሽቦ ዛሬም በየወንበሩ ሊቆጥር ይችላል።

ዛሬ ዓርብ ነው። ያው ክፍል ማይክሮስኮፑ ላይ የሚጋፋው የሽቦን ውሃ ለማየት ነው።

«ኧረ በናትህ ዞር በል፣ እኛም እንይ!»

ሽቦ ዓይኑን አልነቀለም። የጫማ ሶል የመሰለ ፍጥረት እየተሽከረከረ ያልፋል። ዙሪያውን የለበሰው ፀጉር ነፋስ እንደገባበት የገብስ ማሳ በተራ ይተኛል፣ በተራ ይነሳል።

«ፀጉሩ ሲሊያ ይባላል» አሉ ቀድመው ያዩት የባዮሎጂ መምህርቷ። «ሁሉም ባንዴ አይመቱም። እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ትንሽ ዘግየት ይላል።»

«አለቃ አላቸው እንዴ ቲቸር?» አለ ሽቦ።

«የላቸውም። አንዱ ውሃውን ሲገፋ ውሃው ጎረቤቱን ይነካዋል። ያቺ ትንሿ ደግሞ ባለ ሁለት ጅራፍ ናት፤ ጅራፉ ፍላጀላ ይባላል። ሁለቱ እኩል ሲቀዝፉ ቀጥ ብላ ትሄዳለች፣ አንዱ ካፈነገጠ ትዞራለች። ከኩሬው ነው የቀዳኸው፣ አይደል? ጎበዝ!»

«እ…» አለ ሽቦ።

ውሃ ቀድተህ አምጣ የተባለበት ኩሬ ደርቋል። ጠዋት ያገኘው የተሰነጣጠቀ ጭቃ ብቻ ነበር። ባዶ እጁን ገብቶ ዳግም መሳቂያ እንዳይሆን፣ ጠርሙሱን ከግቢው የመጠጥ ቧንቧ ሞላው።

«እነዚህ ካሉ የሚበሉት ባክቴሪያም ሞልቷል ማለት ነው» አሉ መምህርቷ እየሳቁ። «የመጠጥ ውሃ ላይ ባያቸው ዛሬውኑ ቧንቧውን አዘጋ ነበር።»

ሽቦ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ አነሳ። በዚህ ሳምንት አምስት ወንበሮች ባዶ ናቸው፤ ስለ እያንዳንዱ ቀሪ ልጅ «ሆዱን አሞት ነው» ተብሏል። ከአሥር ቀን በፊት የትምህርት ቤቱ የውሃ ታንከር ሲታጠብ መሰላሉን የያዘው እሱ ራሱ ነበር። የግቢው ቧንቧ ጠጋኝ የሆነው አባቱ ከላይ ሆኖ፣ «የክዳኑ ብሎን ተበልቷል ልጄ፣ ነገ እከድነዋለሁ» ብሎት ነበር። ነገ፣ ነገ ሲባል ሰነበተ። ርግቦች ግን ክፍቱ ታንከር ጫፍ ላይ ማደር ከጀመሩ ቆዩ። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ አባቱን ባለፈው ወር፣ «አንድ ጥፋት ቢደገም ዕቃህን ይዘህ ትወጣለህ» ብለውታል።

የእረፍት ደወል ተደወለ። ቧንቧው ጋ ሰልፉ ረዝሟል፤ ከፊት የቆመው የክፍል አለቃው ነው። ሁሉን ለመቅደም ሮጦ ላብ በላብ ሆኗል። ጠርሙሱን ደቀነ።

ሽቦ ቆሞ አየው። ጠጣ፣ አለ በሆዱ። ጥግብ እስክትል ጠጣ። ማን ያውቃል? አንተ ሦስት ቀን ትተኛለህ፣ የአባቴም ሥራ አይነካም።

ከአለቃው ኋላ የአንደኛ ክፍል ሕፃናት ኩባያ ይዘው ይገፋፋሉ። የኋለኛው የፊቱን ይገፋል፣ የፊቱም ከፊቱ ያለውን፤ ሰልፉ እንደ ማዕበል እየተነሳ እየተኛ ወደ ቧንቧው ይጠጋል።

አለቃው ጠርሙሱን ወደ አፉ ሲያደርስ ሽቦ ነጠቀና ደፋው። ከዚያ ከቧንቧው ኋላ ባለው ግድግዳ ሥር ተንበረከከ። ዋናው የውሃ መዝጊያ የት እንደተቀበረ ከአባቱ ሌላ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። አፈሩን ገፍቶ እስኪጮህ ድረስ አጠበቀው። ቧንቧው አንዴ አቃሰተና ደረቀ።

«አበድክ እንዴ?» አለቃው ጮኸ። «አንተ የቧንቧ ጠጋኝ ልጅ! ውሃው የአባትህ ነው?»

ሰልፉ ሳቀ። ሽቦ በዚህኛው ማን እንደሳቀ አልቆጠረም። የጠዋቱን ጠርሙስ ከቦርሳው አውጥቶ በብብቱ ያዘና ወደ አባቱ መሣሪያ ክፍል አመራ። አባቱ ከማንም በፊት ከእሱ አፍ መስማት አለበት። የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከዚያ ቀጥሎ ያለው በር ነው።

«አንተን እኮ ነው የማናግረው!»

ሽቦ ዞር ሳይል ሄደ።