በሐይቁ ጭቃ ውስጥ የተገኘው ከሰል

«ኦሮድ! ሩጪ!» ብሎ ጮኸ ፋራህ።

ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ደረቁ ወንዝ ግን ከላይ ያጓራል። ሐረር ተራራ ላይ የዘነበው መጣ! ፋራህ የሺአረግን በክንዷ ጎትቶ አወጣት፣ ግመሏንም በዱላ ነዳት። ጎርፉ ተረከዛቸውን ልሶ አለፈ። ግመሏ የጫነችው፣ ከሐይቁ የወጣ ጭቃ የያዘ ቱቦ ከድንጋይ ተላትሞ ተሰነጠቀ።

እንግዲህ የሺአረግ የድሬዳዋ አፈር ባለሙያ ናት። ከጀልዴሳ ወዲያ ያለችው ትንሽ ሐይቅ በደለል የተሞላችው በእረኞች ፍየል ነው ብላ ገና ከቢሮዋ ሳትወጣ ፈርዳለች። ጭቃውን ከሐይቁ ሥር ያወጣችው ለማስረጃ ነበር፤ ማስረጃው ሲቀርብ እረኞቹ ከውሃው ይባረራሉ። መንገድ የሚመራት ፋራህም ባለፍየል ነው። የመጣችበትን ጉዳይ ግን ደብቃዋለች።

አሁን በቱቦው ስንጥቅ ጭቃውን አየች። ከታች የጥንቱ ልስልስ ግራጫ ደለል፤ የፋራህ አያቶች ፍየሎች ያኔም እዚያው ይጠጡ ነበር። ከዚያ ጥቁር የከሰል ብናኝ። ከላዩ ወፍራም ቀይ አፈር። መጀመሪያ ዛፉ ከሰል ሆነ፣ ቀጥሎ ተራራው ታጠበ። ታዲያ ፍየሎቹ ምን አደረጉ? በኀፍረት ፊቷ ጋለ።

ሲመሽ ጅቦች ከበቧቸው። ፋራህ የሚነድ እንጨት ይዞ እየጮኸ አባረራቸው። ከዚያ ግመሏን አለባትና «እንግዳ ይቀድማል፣ ጠጪ» አላት። ቀና ብላ ሳታየው ተቀበለች።

በማግስቱ ጠመንጃ የያዙ ሕገወጥ ከሰል አክሳዮች መንገድ ዘጉባቸው።

«ማንን ልትሰልሉ ነው?» አለ አንዱ። ጠጋ ብሎ አያትና ሳቀ። «ኧረ የጋሽ ወልደጻድቅ ልጅ! እኛኮ የአባትሽ ሠራተኞች ነን። እለፉ!»

ወይ መዋረድ! ያደገችበት፣ የተማረችበት ሁሉ ከዚህ ከሰል ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይህ ነው። ፋራህ ሰምቷል፤ ግመሏን ነድቶ ቀድሟት ሄደ። ጀርባው ከጅቦቹ ይልቅ አስፈራት።

ድሬዳዋ ሲደርሱ አለቃዋ ጓድ ጉግሳ «እህስ፣ ፍየሎቹ ተያዙ?» አላት።

«ፍየሎቹ ነፃ ናቸው ጓድ። ከሰሉ የአባቴ ነው።»

«አብደሻል? አባትሽ ይታሰራሉ!»

«አውቃለሁ» አለችና የተሰነጠቀውን ቱቦ ፊቱ አስቀመጠች።

ጉግሳ ጭቃውን ደጋግሞ አየ። በመጨረሻ «እረኞቹ አይነኩ» አለ።

ፋራህ ደጅ ቆሞ ነበር። የሺአረግ ሁሉንም ነገረችው፤ ልታስባርረው እንደነበርም አልደበቀችም። መሬት መሬት እያየች «ውሃው የናንተ ነው» አለችው።

«ድሮስ የማን ነበር?» አለና ግመሏን ስቦ ሄደ።