ከኩሬው ሥር የምትስቀው ሴትዮ

ውኃ ይሉኝታ የለውም። ቀዳዳ ካገኘ ደህና ዋሉ እንኳ ሳይል ውልቅ ብሎ ይሄዳል። ይህን የማያውቅ ሰው የለም፤ ሆኖም እያወቅን፣ ጉድጓዱን ለመቆፈር ወገባችን እስኪቆረጥ እንለፋና ከሥሩ የሚነጠፈውን ነገር ስንመርጥ ቤት ውስጥ የተገኘውን አንስተን ጣል እናደርጋለን። ወገኖቼ፣ እንዲህ ያደረገ አንድ ሰው ነበረ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ትንሽ ችኩል፣ ትንሽ ደግሞ ጉረኛ ነበር።

የሠፈሩ ሰው «ማስታወቂያ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ከሥራው የተነሣ ነው፤ የሱቅ ታፔላና የማስታወቂያ ሸራ ያትማል። አንዳንዶች ግን፣ ጠዋት ቤቱ ውስጥ የሆነው ነገር ሁሉ ከሰዓት በኋላ መንገድ ላይ ስለሚሰማ ነው ይላሉ። ማተሚያ ክፍሉ ከመኖሪያ ቤቱ ጋር ተያይዟል። ጥጉ ላይ ጊዜያቸው አልፎ የወረዱ ሸራዎች ተጠቅልለው እስከ ጣሪያ ድረስ ተደርድረዋል፤ የተዘጋ ፀጉር ቤት፣ ያለፈበት ቅናሽ፣ ከተመረቀ ብዙ ጊዜ የሆነው ሕንፃ። «አንድ ቀን ይፈለጋሉ» ይላል፤ አንዱንም ጥሎ አያውቅም።

ሚስቱ ችግኝ ታፈላለች። ቀድሞ ክር ፋብሪካ ነበር የምትሠራው። ብናኙ ደረቷን ይዟት ሌት ተቀን ስትስል ሐኪሙ «እመቤቴ፣ ወይ ሥራሽን ወይ ሳንባሽን ምረጪ» አላት። ሳንባዋን መርጣ ከቤቱ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ አጸዳች፤ በትናንሽ ጥቁር ላስቲኮች አፈር ሞልታ ሎሚ፣ ዘይቱንና አቮካዶ መትከል ጀመረች። ችግኞቹ ከፍ ሲሉ ሳሉም ተዋት። ቀለሟ ተመለሰ፤ ሥራ ላይ ሳለች ማንጎራጎር ጀመረች፤ ባሏም ማተሚያ ማሽኑን አጥፍቶ የሚያዳምጥበት ጊዜ ነበር።

ጭንቋ አንድ ነው። ዝናቡ ሲያባራ የቧንቧ ውኃ ይጠፋል። ስለዚህ የጣሪያውን ውኃ የሚያጠራቅም ኩሬ እንዲኖራቸው ተስማሙ። ማስታወቂያ መዳፉ እስኪላጥ ራሱ ቆፈረ። ተቆፍሮ ሲያልቅ ሚስቱ ጠርዙ ላይ ቆማ፣

«እንግዲህ የኩሬ ላስቲክ እንግዛ» አለችው። «ጂኦሜምብሬን የሚሉት ወፍራሙ አለ አይደል?»

«ኧረ ተይ! ቤቴ ሸራ እስከ ጣሪያ ተከምሮ ላስቲክ ግዛ ትይኛለሽ?»

«ያንተ ሸራ የተሠራው እንዲታይ ነው፤ ውኃ እንዲይዝ አይደለም።»

«ዝናብ ያስገባል? አያስገባም። ዝናብ ያላስገባ ሸራ ኩሬ ያፈሳል እንዴ?»

«ዝናብ እኮ ነክቶት ነው የሚያልፈው። ኩሬ ግን ቀንም ሌሊትም ተጭኖት ነው የሚከርመው።»

ከአጥሩ ማዶ ጉሮሮ የሚጠርግ ድምፅ ተሰማ። ጎረቤታቸው ጋሼ ቀስ በል ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው፤ ተሳፋሪ «ንዳው እንጂ!» ባለ ቁጥር «ቀስ በል» ስለሚሉ ስሙ ከመሪው ጋር አብሯቸው ኖረ። የራሳቸውን ኩሬ የሠሩት አምና ነው። ያን ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጢጥ ብለው ጠጠር በእጃቸው ሲለቅሙ ማስታወቂያ በአጥሩ ላይ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ምስር እየለቀሙ ነው?» ብሎ ሠፈሩን አስቆባቸዋል።

«ልጄ» አሉት አሁን፣ «ሰው ቢጫንህ ሲደክመው ይወርድልሃል። ውኃ አይደክመውም። ከሥሩ ያለውን ጠጠርም አይተህ፣ ላስቲኩንም ለሥራው የተሠራውን መርጠህ አንጥፍ። ቀስ በል።»

«ጋሼ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ክረምቱ ግን እንቁላሉን ቆሞ አይጠብቅም!» አለና ሳቀ። ምክሩን ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ ሸራዎቹን ማውጣት ጀመረ።

በማጣበቂያ እያያያዘ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አነጠፋቸው፤ ዳር ዳሩን በጡብ ጫነው። ለወለሉ የመረጠው ከሠራቸው ሁሉ የሚኮራበትን ነው፤ ሙሉ ጥርሷን ገልጣ የምትስቅ ሴት ያለችበት ትልቅ የሳሙና ማስታወቂያ። ፊቷን ወደ ሰማይ አዙሮ ዘረጋት። «ኩሬያችንም ፈገግ ይበል!» አለ።

ዝናቡ መጣ፤ ኩሬው ሞላ። ሠፈሩ ለማየት ጎረፈ። ሴትዮዋ ከውኃው ሥር እየተርገበገበች ትስቃለች። ልጆች በአጥሩ አጮልቀው «ደህና አደሩ እትዬ ሳሙና!» ይሏታል። ማስታወቂያ ደረቱን ነፍቶ ጎብኚ ያስተናግዳል። ሚስቱም ሳቀች፤ «ተሳስቼ ይሆናል» አለች፤ እሱም «ይሆናል?» ብሎ አሾፈባት።

ዝናቡ ባባራ ሰሞን ውኃው መጉደል ጀመረ። «ፀሐይ እየጠጣችው ነው» አለ ማስታወቂያ። ደግሞ ሲጎድል «የሠፈሩ ወፍ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚጠጣው» አለ። ሚስቱ አልተከራከረችም። አንድ ባልዲ ውኃ ሞልታ፣ ልኩን በጠመኔ አስምራ ከኩሬው አጠገብ አስቀመጠች። በኩሬው ዳር ያለው ሸራ ላይም አሰመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ፀሐይዋም ወፉም ለባልዲውም ለኩሬውም አንድ ናቸው። እነሱ ከሆኑ ሁለቱን እኩል ይጠጡ።»

ጥቂት ቀን ቆይተው ሲያዩት ባልዲው የጣት ውፍረት እንኳ አልጎደለም። ኩሬው አንድ ስንዝር ወርዷል። ማስታወቂያ ያን ዕለት ለማንም ምንም አላወራም።

ከዚያ በኋላ ለቀዳዳ መሮጥ ሆነ። አንዱን ሲለጥፍ ሌላው ይከፈታል። ከውኃው በላይ የቀረው ሸራ ፀሐይ አድርቆት፣ ሲታጠፍ እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰነጠቃል። ማጣበቂያው ውኃ ውስጥ ተልፈስፍሶ መጋጠሚያው ተላቀቀ። አንድ ጠዋት የሴትዮዋ ግንባር ብቅ አለ፤ ሰንበት ብሎ ዓይኗ። በመጨረሻ ጭቃ ብቻ ቀርቶ እትዬ ሳሙና ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ተንጋልላ በሙሉ ጥርሷ ስቃ ተገኘች።

ሚስቱ ችግኞቹ መካከል ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች። አንዱን ቅጠል በጣቷ ታሻለች።

«ቅጠላቸውን ጠቀለሉ» አለች። «ሲጠማቸው ነው እንዲህ የሚሆኑት።»

ብትቆጣው በተሻለው ነበር።

«ፋብሪካው ሰው እየቀጠረ ነው አሉ» አለች ቀና ሳትል። «ልመለስ መሰለኝ።»

ይህን ሲሰማ ቅስሙ ተሰበረ። ያ ሳል ጆሮው ላይ አቃጨለበት። ኩራቱን ውጦ ጋሼ ቀስ በልን ለመለመን ወደ አጥሩ ሄደ። ምን ብሎ እንደሚጀምር እያሰበ ሲደርስ የጋሼ የውኃ ማጠጫ ጎማ በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ ጫፉ ውኃ ያንጠባጥባል።

«ጋሼ... እኔ...»

«ያዝ፣ ያዝ! ወሬው ይደርሳል፤ ውኃው እየፈሰሰ ነው!»

በጋውን በሙሉ ያ ጎማ በአጥሩ ላይ ከረመ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው እውነት ነው። ማስታወቂያ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠብቅ ነበር፤ «ነግሬህ አልነበር?» የምትለዋን ቃል። ያቺ ቃል አልመጣችም። ችግኞቹ ቅጠላቸውን ዘረጉ። ሚስቱም ስለ ፋብሪካው ሁለተኛ አላነሣችም።

አንድ ቀን ጎማው ታጥፎ ውኃው ተቋረጠ። ማስታወቂያ ሊያቃና ወደ ጋሼ ግቢ ገባ፤ ገብቶም ደርቆ ቀረ። አምና ካሮትና ቃሪያ የሞላበት መደብ ባዶ ነው። አፈሩ ተሰነጣጥቋል። ኩሬያቸው አንዲት ጠብታ ሳያፈስ፣ ተቀድቶ ብቻ ከወገቡ በታች ወርዷል።

«ጋሼ፣ አትክልትዎ የት ሄደ?»

«ዘንድሮ አረፈ። መሬትም እንደ እኔ ጡረታ ያምረዋል።»

«የእርስዎን አትክልት ውኃ ነው ስናጠጣ የከረምነው!»

«ለሁለት አይበቃማ፤ ምን ላድርግ?» አሉ ጎማውን በእግራቸው እያቃኑ። «እኔ ቃሪያ ከገበያ እገዛለሁ። ሚስትህ ሳንባ ከየት ትገዛለች?»

ማስታወቂያ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ትከሻውን ይዘው ቀና አደረጉት። እንባው ግን አልታዘዘም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ፤ ያቺኑ ቃል ደጋገማት።

ሁለተኛው ዝናብ ሳይገባ ኩሬውን እንደገና ሊሠሩ ተነሡ። ጋሼ ቀስ በል ገመድ አመጡ። ማስታወቂያ የጉድጓዱን አፍ ብቻ ለክቶ ሊሄድ ነበር፤ እሳቸው ገመዱን በአንዱ ግድግዳ አውርደው፣ ወለሉን አስነክተው፣ በሌላው ግድግዳ አወጡት። የላስቲኩ ጫፍ ዳር ላይ ቦይ ውስጥ ስለሚቀበር የዚያንም ልክ ጨመሩበት። «ላስቲኩ የሚሄድበትን መንገድ ገመዱ ቀድሞ ይሂድበት» አሉ።

ሱቁ ውስጥ ሻጯ ዕቃውን ከማሳየቷ በፊት ጠየቀች። «ውኃው ለምንድን ነው? ለአትክልት፣ ለዓሣ ወይስ ለሰው? የሚጠጣ ከሆነ ለመጠጥ ውኃ የተፈቀደውን ነው የምሰጣችሁ። ፀሐይ ያገኘዋል? አፈሩስ ጠጠራም ነው?» ሳይጠየቅ መመለስ የለመደው ማስታወቂያ እየሰማ መለሰ። ፀሐይ የሚችለውን፣ ወፍራም ሆኖ የጉድጓዱን ማዕዘን ታጥፎ የሚከተለውን መረጡ። አንድ ወጥ ሆኖ ስለማይደርስ መጋጠሚያው በሙቀት ማሽን እንዲበየድ ተስማሙ፤ ማጣበቂያ የሚል ቃል ከማስታወቂያ አፍ አልወጣም።

ከዚያ ጉድጓዱ ውስጥ ቁጢጥ ብሎ ጠጠርና ሥር መልቀም ጀመረ። እትዬ ሳሙና ተኝታበት ከነበረው ቦታ፣ ልክ ከጉንጯ ሥር፣ እንደ ቢላ የሾለ ድንጋይ አወጣ። ሚስቱ ከላይ ሆና ስታየው ቆየችና፣

«አቶ ማስታወቂያ፣ ምስር እየለቀሙ ነው?» አለችው። ጋሼ ቀስ በል ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

አሮጌዎቹን ሸራዎች አፍሮባቸው ሊጥላቸው ሲል ጋሼ ከለከሉት። «እነሱ ምን አጠፉ? ቦታቸውን ነው ያሳትካቸው።» ጠጠሩ ተለቅሞ ባለቀው አፈር ላይ ሸራዎቹን እንደ ፍራሽ አነጠፏቸው፤ አዲሱ ላስቲክ በላያቸው ተዘረጋ። ልጅ አንሸራቶት እንዳይገባ ዙሪያውን አጠሩት።

ወገኖቼ፣ ለኩሬ ከመቆፈራችሁ በፊት ውኃው ለማን እንደሆነ ጠይቁ። ለሥራው የተሠራውን ምረጡ፤ ከሥሩ ያለውን አፈር በእጃችሁ ዳስሱ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ ውኃ ግን አይለቀምም፤ ከኋላው የሰው ጤናና የጎረቤት አትክልት ይዞ ይሄዳል። ከልብ የሚመክር ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ሳትስቁበት አመስግኑት።

ዝናቡ መጣ፤ ኩሬው ሞላ። ዝናቡ ሄደ፤ ባልዲውና ኩሬው ጎን ለጎን እኩል ጎደሉ። ሚስቱ በችግኞቿ መካከል እያንጎራጎረች ነው። ማስታወቂያ በጠዋት ተነሥቶ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ያቆየውን ያን የጋሼን ጎማ አወረደ፤ አንዱን ጫፍ ከራሱ ኩሬ አገናኝቶ ሌላውን በአጥሩ ላይ ወረወረው። ተከትሎም ዘለለና አዲስ የተተከለውን የጋሼን ቃሪያ ማጠጣት ጀመረ። ከደስታው ብዛት ውኃውን ለቀቀው።

ጋሼ ቀስ በል በረንዳው ላይ ብቅ አሉ። ባዶ ሆኖ የከረመውን መደብ፣ ጎማውን፣ የጎረቤታቸውንም ፊት አዩ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አሉ። «ቃሪያዬን ልታሰጥመው ነው።»