ሦስቱ ስክሪኖች ላይ የወጣው ቃል

«ይህን ቃል ማነው ያስገባው?» መምህር ጀይላን የጠወለገ የሽንኩርት ችግኝ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉ። «አያ ዑመር ችግኛቸውን እንደተከሉ ፓምፑ ላይ ‹ዻቢ› የሚለውን ቁልፍ ነኩ። ለተከላ የሚሆነውን ውሃ የሚለቅ መስሏቸው ሰንበቴ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ሄዱ። በሦስተኛው ቀን ሲመለሱ ፓምፑ ቆሞ፣ ችግኙ ይኸው።»

ፋይዛ ከኋላ ወንበር ላይ ሆና ችግኙን አየች። «ዻቢ» በኦሮምኛ «አቁም» ነው፤ «ትከል»ም ነው። እሷ ቃሉን ስትጽፍ የታሰባት ከሚሴ ላይ ባጃጅ የሚያስቆም ሰው እንጂ ገበሬ አልነበረም። የከተማ ልጅ አይደለች እንዴ!

የትምህርት ቤቱ ክበብ ለገበሬዎቹ የመስኖ ፓምፕ የሚሠራውን የኮምፒውተር ሞዴል የነደፈችው ጓደኛዋ ሙሚና ናት። የየቁልፉ ሥራና ስም እዚያ ላይ አንዴ ይጻፋል፤ ከዚያ ኮምፒውተሩ ለፓምፑ ትንሽ ስክሪን፣ ለማሳው መቆጣጠሪያ ሳጥንና ለስልኩ እንደየመጠናቸው ገጽ ያወጣላቸዋል። አንዱን ማረም ሁሉንም ማረም ነው። መሳሳቱም እንደዚያው ሆነና አያ ዑመር የትኛውን ስክሪን ቢያዩ ያው «ዻቢ» ነበር።

«ቃላቱን ለገበሬዎቹ አሳየሽ?» ብላ ሙሚና ጠይቃት ነበር።

«ወላሂ አሳይቻለሁ፤ ወደውታል!»

ማንንም አላሳየችም። ያን ቀን ፀሐዩ ከርሮባት ከመንገድ ተመልሳ ቤቷ ተኝታ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ አሁን ከችግኙም በላይ ያቺ «ወላሂ» ውስጧን ትበላት ጀመር።

«ሞዴሉ የኔ ነው ቲቸር» አለች ሙሚና አንገቷን ደፍታ። «ፋይዛማ ሰው ጠይቃለች። ያኔ አያ ዑመር አልነበሩም ይሆናል።»

«እንግዲያው ክበቡን ወክለሽ ደሴ ለውድድሩ የምትሄጂው አንቺ አይደለሽም» አሉ መምህሩ።

የሙሚና ዓይን እንባ ሞላ። ፋይዛ እሷን ከማየት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት ወደደች። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«ቲቸር» አለች ተነስታ። «ቃሉን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለማንም አላሳየሁም። ሙሚናን ዋሽቻታለሁ።»

ሙሚና ዞራ አየቻት፤ ከዚያ ፊቷን መለሰች። ይህ ፋይዛን ከስድብ ይልቅ አመማት።

ፋይዛ ግን ተመልሳ አልተቀመጠችም። ቦርሳዋን አነሳች።

«አውፍ ቢሉኝም፣ ይቅር ባይሉኝም» አለች፣ «አያ ዑመር ጋ ሄጄ ራሴ እነግራቸዋለሁ።»