ስም ያልተጻፈበት ማሊያ

አራተኛው ጎል ሲገባባቸው መድፉ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ መሀል ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር። አልተናደደም፤ አላዘነምም። በመጀመሪያዎቹ ሽንፈቶች ጊዜ እንቅልፍ አጥቶ ትራሱን ሲደበድብ ያድር ነበር። አሁን ግን የተሸነፈው ሌላ ሰው፣ እሱ ደግሞ በዚያ በኩል የሚያልፍ መንገደኛ ይመስል ልቡ ደንዝዟል። ጨዋታው እስኪያልቅ ሮጠ፤ ሮጠ ከተባለ።

«መድፉ» የሚለው ስም የወጣለት በሰፈሩ ቡድን ሳለ፣ ኳስ ሲመታ በረኞች ፊታቸውን ስለሚያዞሩ ነው። ጋሼ የሚሏቸው የብረታ ብረት ነጋዴ የታዳጊዎች ክለብ ሲያቋቁሙ ከየሰፈሩ ጎል አግቢ ጎል አግቢውን ለቅመው አመጡ። ገንዘባቸውን አልሰሰቱም። ማደሪያ ሠሩላቸው፣ የትምህርት ቤት ክፍያቸውን ቻሉ፣ ሙቅ ውሃ ያለው መታጠቢያ አስገቡላቸው። በየማሊያው ጀርባ ላይ እንኳ ቅጽል ስማቸውን በወርቃማ ቀለም አሳተሙላቸው። ያላሰቡት ነገር ቢኖር ልጆቹ ሁሉ በየሰፈራቸው ንጉሥ እንደነበሩ ነው። ንጉሥ ደግሞ ይቀበላል እንጂ አያቀብልም።

በተለይ የግራ ተከላካይነቱን ቦታ የሚፈልገው ጠፋ። ተራው የደረሰው ሁሉ እያጉረመረመ ይቆምና ኳስ ስትመጣ ወደ ፊት ይፈረጥጣል። ሁሉም ስሙ የተጻፈበትን ስለሚለብስ የቦታው ማሊያ፣ ቁጥር ሦስት፣ ስም ሳይጻፍበት ከነላስቲኩ መልበሻ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል።

ከጨዋታው በኋላ ጋሼ ወደ መልበሻ ክፍሉ ገቡ። ቢቆጡ ይሻል ነበር፤ እሳቸው ግን አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ምን ጎደላችሁ ልጆቼ? ጫማ ነው? ምግብ ነው? ንገሩኝ፤ እገዛለሁ።»

«ጎል ይግዙልን» ብሎ አንሾካሾከ ፌንጣ፣ የግራ ክንፍ ተጫዋቹ። አንድ ሁለት ልጆች ፈገግ ሊሉ ቃጣቸውና ተዉት።

«ቅዳሜ ከተሸነፍን ከሊጉ እንወርዳለን» አሉ ጋሼ። «ከወረድን ማደሪያውን እዘጋለሁ። ከዚህ በላይ አቅም የለኝም። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ትሄዳላችሁ።»

ለመድፉ ይህ ማለት ትምህርቱን በዓመቱ አጋማሽ አቋርጦ መመለስ ነው። ወደ ክለቡ ሊመጣ ሻንጣውን ሲያዘጋጅ አጎቱ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ...» ብለው ሲቀልዱበት ስቆባቸው ነበር። አሁን ነገሩ ሊያስደነግጠው በተገባ። ምንም አልተሰማውም። ጫማውን ፈትቶ ካልሲውን ጨመቀ።

ከእራት በፊት ማደሪያው ደረጃ ላይ ተቀምጦ ለሚስማር ደወለ። ሚስማር የሰፈሩ ቡድን ተከላካይ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ዕድሜውን ሙሉ ጎል አግብቶ የማያውቅ።

«አቤት መድፌ! ዛሬስ ስንት አቀመሷችሁ?»

«አራት።»

«ኧረ ባክህ! እኛ አሸነፍን። ባትጠይቀኝም ልነግርህ ነው፤ እኔ አገባሁ።»

«አንተ?»

«በጭንቅላቴ። እውነቱን ለመናገር ኳሷ ናት የመታችኝ። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።»

መድፉ ሳቀ። ከሳቀ ስለቆየ ድምፁ ለራሱ እንግዳ ሆነበት።

«ስማ፣ እዚያ እያለሁ ኳስ ሲነጥቁኝ ማን ነበር ተመልሶ የሚሸፍነው?»

«ትቀልዳለህ?»

«የምሬን ነው።»

«እኔ ነኛ! ያንተን ቀዳዳ ልደፍን ስሮጥ ሳንባዬ ሊፈነዳ! አንተ እዚያ ቆመህ ካልሲህን ትጎትታለህ።»

«ለምን አልነገርከኝም ታዲያ?»

«ምን ብዬ? ታገባ ነበራ። በል፣ እናቴ እየጠራችኝ ነው። ቅዳሜ ደውልልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። መድፉ ከደረጃው አልተነሳም። አብረው በተጫወቱበት ጊዜ ሁሉ ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም። አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ። ስንት ሳምንት ምንም ሳይሰማው ቆይቶ መጀመሪያ የመጣለት ስሜት ሀፍረት ሆነ።

ቅዳሜ መልበሻ ክፍሉ በወሬ ተሞልቶ ነበር። የአንድ ትልቅ ክለብ ተጫዋች መልማዮች መጥተዋል፤ የሚፈልጉት ደግሞ ጎል አግቢ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ጫማውን ሲወለውል፣ ጸጉሩን ሲያስተካክል ቆየ። አሠልጣኙ ፊሽካውን በጣቱ እያዞረ መሀል ላይ ቆመ።

«ግራ ተከላካይ ማን ይሁን?» አለ፣ መልስ እንደማያገኝ በሚያውቅ ሰው ድምፅ።

ሁሉም አንገቱን ደፋ። ፌንጣማ ያሰረውን የጫማ ክር ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ።

መድፉ ሳጥኑን ከፍቶ በወርቃማ ቀለም የተጻፈውን ስሙን አየ። ከኋላ ከቆመ መልማዮቹ ዞር ብለውም አያዩትም። ክለቡ ቢተርፍ እንኳ ጎል የማያገባ መድፍ ምን ይሠራል ሊባል ይችላል። ፈራ። ሳጥኑን መልሶ ዘጋው።

ወደ ግድግዳው ሄዶ ቁጥር ሦስትን አወረደና ላስቲኩን ቀደደው። የላስቲኩ ድምፅ ሁሉንም ቀና አደረጋቸው። አሠልጣኙ ፊሽካውን ማዞር አቆመ።

«ስምህ የለበትም እኮ» አለው ፌንጣ።

መድፉ ማሊያውን አጠለቀው። ትከሻው ላይ ይሰፋዋል።

«አንተ ወደ ፊት ሂድ፤ እኔ ከኋላህ ነኝ» አለው። «ኳስ ሲነጥቁህ ግን ቆመህ ካልሲህን አትጎትት።»

ፌንጣ አልገባውም። ጎንበስ ብሎ ካልሲውን አየ።