ጭላሎ ላይ ጀርባዋን የሰጠችን ሴት

አሰላ ውስጥ ከእኔ የባሰች ደፋር ካለች እጇን ታውጣ። ጅብ ሲጮህ መልሼ የምጮህበት እኔ ነኝ። ለቅሶ ቤት፣ ሬሳው ካለበት ክፍል አጠገብ ብቻዬን ያደርኩት እኔ ነኝ። እሺ፣ እንቅልፍ ጥሎኝ ነው... ግን አድሬያለሁ!

ስለዚህ "ፈሪ ስለሆነች ነው" የሚል ኮሜንት እንዳላይ። ይሄ የሆነ ነገር ነው። ካላመናችሁ ሰኪናን ጠይቋት...

ካናገረቻችሁ።

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጭላሎ ተራራ ላይ።

ሰኪና የጎረቤታችን ልጅ ናት፤ ከሕፃንነታችን ጀምሮ አንለያይም። ተራራ እንውጣ ያልኩት እኔ ነኝ፤ ቲክቶክ ላይ የምለቀው ቪዲዮ ፈልጌ። እናቷ አዴ ጁወይሪያ እምቢ አሉ። እኔ ደረቴን ነፋሁ።

"አዴ፣ አይስጉ። እንደወሰድኳት እመልሳታለሁ። አንድ ነገር ብትሆን እኔን ይጠይቁኝ።"

"አንቺን ነው የምጠይቀው፣ ለሊሴ" አሉኝ።

አልሳቁም።

የሰፈራችን ልጅ ጉቱ በባጃጁ እስከ ተራራው ግርጌ አደረሰን። ማምሻውን መጥቶ ሊወስደን ተስማማን።

ስንወጣ ፀሐይ ነበር። የአስታው ጫካ ውስጥ ስንገባ ግን ጉሙ ከላይ ወረደብን። ቅጠሉ ይንጠባጠባል፣ ሻሻችን ይንጠባጠባል። ከፊቴ ያለውን ቁጥቋጦ እንኳን አላየውም።

"እንመለስ" አለች ሰኪና።

"ትንሽ ነው የቀረን።"

"የት ለመድረስ?"

እኔም አላውቅም። ግን ዝም ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ አየናት...

ሴትዮ ናት። መንገዱ መሀል ቆማለች። ጀርባዋን ሰጥታናለች። ቀጭን ዘንግ በሁለት እጇ አግድም ይዛለች።

"አዴ፣ ያሳልፉን" አልኩ።

አልዞረችም።

ሰኪና ክንዴን ያዘችኝ። "አትለፊ" አለች በሹክሹክታ። "ሲንቄ ይዛለች።"

ለማታውቁ፣ ሲንቄ አርሲ ውስጥ ሴት ስትዳር ከእናቷ የምትቀበለው ዘንግ ነው። ሁለት ወገን ተጣልቶ ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሀል ከገባች አለቀ። ጎራዴ የመዘዘም ቢሆን ይቆማል እንጂ አያልፋትም።

"እና ማን ተጣላ? እኔና አንቺ?" ብዬ ሳቅኩ።

ሰኪና አልሳቀችም።

"ለሊሴ... ሲንቄ ሁለት ወገን መሀል ነው የሚገባው። በዚህ በኩል ያለነው እኛ ነን።"

"እሺ?"

"በዚያ በኩልስ ማነው?"

የሴትየዋን ሻሽ አየሁት። እኛ ላይ ውሃ እየወረደ የእሷ ደረቅ ነው። አሁን ከሳጥን የወጣ ይመስል፣ እጥፋቱ እንኳን አልተበላሸም።

ያኔ መመለስ ነበረብኝ። ግን እኔ ለሊሴ ነኛ! ስልኬን አወጣሁ፣ ከመንገዱ ወጣ ብዬ በሣሩ በኩል ዞርኳት።

"ለሊሴ፣ ዴቢኢ! ተመለሺ!"

ሳልፍ የሴትየዋን ፊት በጎን አየሁት። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም። ዓይኗ እኔን አላየም። ከእኔ ኋላ ያለ ነገር ነው የሚያየው።

ከእሷ ወዲያ... የጠብታው ድምፅ ቆመ። ወፍ የለም። የራሴ ትንፋሽ እንኳን አይሰማም።

ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ። የባዶ እግር ዱካ። የትልቅም የትንሽም፣ ጎን ለጎን፣ ተሰልፎ። ጣቱ ሁሉ ወደ ሴትየዋ ነው። አንድም የተመለሰ የለም።

ቪዲዮውን ረሳሁት። ዞሬ ሮጥኩ።

ቢበዛ አንድ ደቂቃ ብቆይ ነው። ስመለስ ግን ጉሙ የለም። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። የሰኪና ልብስ ደርቋል፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

"ሴትየዋስ?"

"አንቺ ስታልፊ ዘንጓን ዝቅ አደረገች" አለችኝ። "ከዚያ ወረደች። እየሮጠች።"

ስንወርድ ሰኪና ከፊቴ አልሄድም አለች። "አንቺ ምሪ" ብላ ከኋላ ቀረች፣ ራቅ ብላ። ዞር ባልኩ ቁጥር እግሬን ነው የምታየው።

ጉቱ ባጃጁ ውስጥ ይጠብቀናል። ቀና ብሎ አየና ፊቱ ተኮሳተረ።

"ይሄን ሁሉ ሰው የት ላድርገው? ሁለታችሁ ግቡ፣ የቀሩት ይጠብቁ።"

"የትኞቹ የቀሩት?"

ወደ ኋላዬ አየ። እንደገና አየ። ከዚያ አሰላ እስክንገባ በመስታወቱ ኋላ ኋላውን እያየ ነዳ።

ሰኪናን ቤቷ አደረስኳት። "አዴ፣ ይኸው! እንደወሰድኳት!" አልኩ፣ ጉራዬ አልለቀቀኝም። ሰኪና ቻው እንኳን ሳትለኝ ገብታ በሩን ቀረቀረች።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ የግቢያችን በር ተንኳኳ። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ወጣሁና ከፈትኩ።

ሴትየዋ ናት።

ሲንቄዋን በራችን ላይ አግድም ይዛለች። አሁን ሻሿ ይንጠባጠባል፣ በዚያ ፀሐይ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ፊቷ ወደ እኔ ነው።

ከጀርባዋ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ሰኪና ቆማለች።

እፎይ አልኩ። "ሰኪ! አትፍሪ፣ ነይ ግቢ! ከክፉ ነገር እየጠበቀችን እኮ ነው፣ እንደ ትናንቱ!"

ሰኪና ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። በጣቷ ወደ ግቢያችን ጠቆመችኝ። ዞርኩ።

ሲሚንቶው ላይ ዱካ አለ። እርጥብ፣ የባዶ እግር። የትልቅም የትንሽም፣ ጎን ለጎን፣ ተሰልፎ። ጣቱ ሁሉ ወደ በሩ።

እግሬን አየሁ።

ባዶ ነው፤ ያደረግኩት ጫማ የለም። ጭቃ ነክቶታል።

"ሰኪ..." አልኩ። "እየጠበቀችን ነው አይደል?"

"እኔን ነው የምትጠብቀው" አለች ሰኪና።

"ከማን?"

"ከአንቺ።"